ፖታሲየሙ 10.6 የሆነው ናሙና

ገጠመኙ የሐረር ነው። አንድ የፊዚዮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ለመመረቂያው የያዘው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ የጨቅላ አይጥ ድያፍራም (የመተንፈሻው ጡንቻ) ላይ ነርቭን የሚደግፉት የግሊያ ሴሎች ምልክት መቀበል ቢያቆሙ፣ ጡንቻው ቶሎ ይደክማል ወይ?

ጥያቄው ከባዶ የተነሳ አይደለም። ነርቩ ጡንቻውን በሚነካበት ቦታ ላይ የነርቩን ጫፍ እንደ ክዳን ሸፍኖ የሚቀመጥ፣ ማይሊን የተባለውን የነርቭ መሸፈኛ የማይሠራ የሽዋን ሴል አለ፤ ግሊያ የተባለው ይህ ነው። ነርቩ ጡንቻውን የሚያዝበትን አሴቲልኮሊን ሲለቅ ኤቲፒ የተባለ ሞለኪውልም አብሮ ይለቃል። ኤቲፒው ተሰብሮ ኤዲፒ ይሆንና የሽዋን ሴሉ ላይ ያለውን ፒ2ዋይ1 የሚባል ተቀባይ ይይዛል፤ ያኔ ሴሉ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ሬኖ የቶማስ ጉልድ ቡድን ይህ ተቀባይ በዘር የጠፋባቸውን ጨቅላ አይጦች መርምሮ፣ የካልሲየሙ ምላሽ ሙሉ በሙሉ በዚህ አንድ ተቀባይ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አሳየ። ከዚያ ይልቅ የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ተቀባዩ ሲጠፋ የነርቩ ልቀት አልተጓደለም፤ የተጓደለው የጡንቻው ወገን ነው። ጡንቻው ሲሠራ ቶሎ ደከመ፤ ዙሪያው ያለው ፖታሲየም ሲጨመርበት ደግሞ ከጤነኞቹ የበለጠ ተጎዳ። ውጤቱ የሚያመለክተው የሽዋን ሴሉ ነርቩ ሲሠራ «እየሰማ»፣ በመገናኛው ዙሪያ የሚጠራቀመውን ፖታሲየም ልክ እንደሚያስይዝ ነው።

ፖታሲየም ለምን እንዲህ እንደሚያስፈራ ላላስተዋለ ሰው፦ ነርቩም ጡንቻውም በተቀሰቀሱ ቁጥር ፖታሲየም ወደ ውጭ ይወጣል። በነርቩና በጡንቻው መካከል ያለው ክፍተት 50 ናኖሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የወጣው ቶሎ አይበተንም። ውጭ ያለው ሲበዛ የጡንቻው ሽፋን የእረፍት ቮልቴጅ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ የሶዲየም ቻናሎቹ ከፊሎቹ ተዘግተው ይቀራሉ፤ የሚቀጥለው ምልክት ትንሽ ይሆናል ወይም አይነሳም። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴው ብዙ ምልክት በተከታታይ የሚያስፈልገው ድያፍራም ላይ ይህ የትንፋሽ ጉዳይ ነው።

ተማሪው ፒ2ዋይ1ን የሚያግድ ኤምአርኤስ2500 የተባለ ኬሚካል በብዙ ድካም አስመጥቶ ሥራውን ጀመረ። አሠራሩ የታወቀ ነው። የ7 ቀን ጨቅላ አይጥ ድያፍራም ከጎድን አጥንቱ ቁራጭ ጋር ይወጣል፤ ድያፍራሙን የሚያዘው የፍሬኒክ ነርቭ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ያህል እንዲተርፍ ከላይ ይቆረጣል። ነርቩን በብረት መቆንጠጫ መያዝ የለም፤ ጫፉ ላይ የቀረችውን ሥጋ መያዝ ወይም በቀጭን ክር ማሰር ነው። አንዴ ከደረቀ ወይም ከተጎተተ ቀሪው ቀን ባክኗል። ጎድን አጥንቱ ፈሳሽ ከሚሞላበት የመታጠቢያ ሳህን ወለል ጋር በመርፌ ይያያዛል፤ መሃል ያለው ጅማት በክር ከጉልበት መለኪያው ጋር ይታሰራል። 95 በመቶ ኦክስጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በክሬብስ ሶሉሽን (ጡንቻውን በሕይወት በሚያቆየው የጨውና የግሉኮስ ፈሳሽ) ውስጥ እየተንተከተከ ለ30 ደቂቃ ይታረፋል። ነርቩ በ0.1 ሚሊሰከንድ ምት ይቀሰቀሳል፤ ቮልቴጁ ጉልበቱ ከዚህ በላይ የማይጨምርበት ደረጃ ላይ ተደርሶ ትንሽ ይታከልበታል። መጀመሪያ ነጠላ ምት፤ ከዚያ በሰከንድ 40 ምት ለ30 ሰከንድ።

መቆጣጠሪያዎቹ (መድኃኒት ያልተጨመረባቸው) አንድ ቀን ተሠሩ፣ መድኃኒት የተጨመረባቸው በማግስቱ። በማግስቱ ጉልበቱ በ30 ሰከንዱ ውስጥ ቁልቁል ወረደ። ተማሪው ደስ አለው፤ ሊደሰትም ይገባዋል፤ ያነበበው ጽሑፍ የሚለውን ነው ያገኘው። አማካሪውም ግራፉን አይቶ «በጣም ጥሩ ነው፣ ቀጥል» አለው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። የሚጠበቅ ውጤት ሲመጣ ማንም ሶሉሽኑን አይጠረጥርም።

የጠረጠረችው የላብ ቴክኒሻኗ ናት። ሦስት ነገር አየች። አንደኛ፣ መድኃኒቱ ታጥቦ ከወጣ በኋላም ጡንቻው አላገገመም። ኤምአርኤስ2500 ተቀባዩን ይዞ የሚቀር ሳይሆን ከኤዲፒ ጋር የሚሻማ ስለሆነ፣ ሲታጠብ ሥራው ሊቀንስ ይገባል። ማጠቢያው ግን ያው የዕለቱ ሶሉሽን ነበር። ሁለተኛ፣ የነጠላ ምቱ ጉልበት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከፊተኛው ቀን ትንሽ በልጧል። ፖታሲየም በመጠኑ ሲጨምር ነጠላ ምት እንደሚጠነክርና ተከታታዩ እንደሚወድቅ የጡንቻ ሰዎች ያውቁታል። ስለዚህ ነጠላ ምትን ብቻ አይቶ «ዝግጅቱ ጤነኛ ነው» ማለት አይቻልም። ሦስተኛውና ዋናው፣ ጡንቻውን በቀጥታ ሲቀሰቅሱትም ወደቀ።

በዚህ በሦስተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ጥናት የሚስተው እዚህ ነው። በነርቩ በኩል ሲቀሰቀስ ጉልበት ከወደቀ፣ ጥፋቱ ነርቩ ላይ፣ መገናኛው ላይ ወይም ጡንቻው ላይ ሊሆን ይችላል። ለመለየት በድያፍራሙ ግራና ቀኝ በተዘረጉ ፕላቲኒየም ሽቦዎች ጡንቻውን ራሱን በ1 ሚሊሰከንድ ምት መምታት ነው፤ በመጨረሻም አብረው የተቀሰቀሱት የነርቩ ቅርንጫፎች ምልክት ወደ ጡንቻው እንዳያልፍ መገናኛውን የሚዘጋ ቬኩሮኒየም ጨምሮ መድገም። የጨቅላ ድያፍራም በቀጥታ ሲቀሰቀስ ድካምን ከአዋቂው በተሻለ ይቋቋማል፤ ደካማው መገናኛው ነው፣ በነርቩ ሲነዳ ምልክቱ ቶሎ ይቆራረጣል። ስለዚህ በ7 ቀን ጨቅላ ላይ የነርቩ ወርዶ የቀጥታው ባይወርድ የሚጠበቅ ነው። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ግን ጣት የሚቀሰረው ወደ ጡንቻው ሽፋን ወይም ጡንቻው ወደተነከረበት ፈሳሽ ነው።

«ጋሼ፣ ሶሉሽኑን እናስለካው» አለችው አማካሪውን። በላቡ ውስጥ የኤሌክትሮላይት ማሽን የለም፤ ሆስፒታሉ ግን አለው። 2 ሚሊ ሊትር ቀድታ፣ በቱቦ አድርጋ፣ ቁጥር ጽፋበት ላከች። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለ።

«አቦ፣ ይሄ ታማሚ የት ዋርድ ነው ያለው? ፖታሲየሙ 10.6 ነው! ሐኪሙ ያውቃል?»

የደወለው የሆስፒታሉ ላብ ባለሙያ ልክ ነው። በሰው ደም 10.6 ሚሊሞላር ማለት ልብ ሊቆም የደረሰ ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ በደቂቃዎች ውስጥ መደወል ግዴታው ነው። ቱቦው ላይ «የሰው ናሙና አይደለም» የሚል ስላልነበረ ሰውዬው በየዋርዱ ስም የሌለው ታማሚ ሲፈልግ ነበር። ከይቅርታው በኋላ ቴክኒሻኗ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈችና ወደ መደርደሪያው ሄደች።

የክሬብስ ሶሉሽን ለ1 ሊትር እንዲህ ነው፦ ሶዲየም ክሎራይድ 6.9 ግራም፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.35 ግራም፣ ባለ2 ውኃ ካልሲየም ክሎራይድ 0.37፣ ባለ7 ውኃ ማግኒዚየም ሰልፌት 0.29፣ ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 0.16፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት 2.1፣ ግሉኮስ 2 ግራም። ከፖታሲየም ክሎራይዱ 4.7 ሚሊሞላር ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ፎስፌቱም 1.2 እንደሚጨምር ነው። ትክክለኛው ድምር 5.9 ነው። አሁን 10.6 ላይ 5.9 ሲቀነስ 4.7 ይቀራል። ፖታሲየም ክሎራይዱ ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ ሌላ ምንም አይደለም።

እንዴት ገባ? መደርደሪያው ላይ 10 እጥፍ የተጠናከረ ስቶክ ያለበት ትልቅ ጠርሙስ አለ። ፕላስተሩ ላይ በማርከር «ጨው 10×» ብቻ ተጽፏል። ያዘጋጀው ሰው ከካልሲየም፣ ከባይካርቦኔትና ከግሉኮስ በስተቀር ሁሉንም ጨምሮበታል። በማግስቱ ሶሉሽኑን የሠራው ረዳት «ጨው» የሚለውን የምግብ ጨው፣ ማለትም ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ፣ አድርጎ ወሰደው። ማግኒዚየሙንና ፎስፌቱን ከሌላ ትንሽ ጠርሙስ የሚጨምር መስሎት ሲፈልግ «እነሱ ገብተዋል» ተባለ። ስለ ፖታሲየም ክሎራይዱ ማንም አላነሳም፤ 0.35 ግራም መዝኖ ጨመረ።

ካልሲየምና ባይካርቦኔት ከስቶኩ ውጪ መቀመጣቸው ትክክል ነው፤ ሁለቱ በወፍራሙ ከተገናኙ ካልሲየም ካርቦኔት ሆነው ነጭ ደለል ይሠራሉ፣ ያ ካልሲየም ከዚያ በኋላ ለነርቩ ጫፍ አይደርስም። ስቶኩ ተቀጥኖ፣ ባይካርቦኔቱ ገብቶ፣ ጋዙ 10 ደቂቃ ተንተክትኮ፣ ካልሲየሙ መጨረሻ ላይ በጠብታ ይገባል። ለሐረር ደግሞ አንድ ነገር ይታከላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። ሲሊንደሩ ላይ 5 በመቶ ቢባልም የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት በዚያው ልክ ያንሳል፤ በዚያው 25 ሚሊሞላር ባይካርቦኔት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) በ0.1 ያህል ከፍ ይላል። ከመጽሐፍ የተቀዳ ቀመር ድሬዳዋ ወርዶ ቢሠራበት እንኳ ልዩነት ያመጣል። ጋዙ እየተንተከተከ ፒኤች መለካት እንጂ በቀመሩ መታመን አይበቃም።

አዲስ ሶሉሽን ተሠርቶ፣ መታጠቢያው 4 ጊዜ ተቀይሮ፣ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ፣ የቀጥታው ጉልበት ተመለሰ። የነርቩ ከቀጥታው ቀድሞ መውረዱ ግን አልተለወጠም፤ እሱ የዕድሜው ነው። የሁለቱ ቀናት ልኬቶች በሙሉ ተሰረዙ። ተማሪው ከፍቶት ነበር፤ ያ ትንሽ ብልቃጥ ኤምአርኤስ2500 ዋጋው ከባድ ነው። ግን ሊተርፍ የሚችል ነገር አልነበረም። የሽዋን ሴሉ ሥራ ፖታሲየምን ልክ ማስያዝ ከሆነ፣ ሴሉ በመታገዱ የሚመጣውና ፖታሲየም በመጨመሩ የሚመጣው በግራፍ ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። መለያየት የሚቻለው ፈሳሹ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ድጋሚው ሲታቀድ ሌላ ቀዳዳም ተገኘ፤ ዕድሜ። አይጥ ሲወለድ አንድ የጡንቻ ክር ላይ ከአንድ በላይ ነርቭ ይደርሳል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ አንዱ አሸንፎ ሌሎቹ ይለቃሉ። የሽዋን ሴሎቹ የዚህ ፉክክር ተመልካቾች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2013 በሞንትሪያል የሪሻር ሮቢታይ ቡድን ግሊያው የጠንካራውንና የደካማውን ነርቭ ምልክት ለይቶ እንደሚያነብ አሳይቷል፤ በዚያው ዓመት የዌስሊ ቶምፕሰን ቡድን ደግሞ የሽዋን ሴሎች የነርቭ ጫፎችን ቆርሰው ሲውጡ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይቷል። የ5 ቀንና የ9 ቀን ጨቅላ አንድ ቡድን ውስጥ ከተቀላቀሉ መገናኛዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ መዝገቦች ላይ ደግሞ ዕድሜው «አንድ ሳምንት አካባቢ» ነው የሚለው።

አሁን በዚያ ላብ ከአንዲት እናት የተወለዱ ጨቅላዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠርሙስ ሶሉሽን ይሠራሉ፤ ግማሾቹ መድኃኒት ያገኛሉ፣ ግማሾቹ መድኃኒቱ የተሟሟበትን ብቻ፤ የቱ ቀድሞ እንደሚሠራ በዕጣ ይለያል። የስቶኩ ፕላስተር ላይ የገባው ሁሉ በግራም፣ ያልገባው ደግሞ «የለበትም» ተብሎ ይጻፋል። ጠዋት ጠዋት 2 ሚሊ ሊትር ወደ ሆስፒታሉ ይሄዳል፤ ቱቦው ላይ በትልቁ «የላብ ሶሉሽን፣ የሰው አይደለም» ይላል። ፖታሲየሙ ከ5.7 እስከ 6.1 ውስጥ ካልሆነ አይጥ አይነካም።