ሆዱ ውስጥ የተገኘው ሳንቲም

የመካነ አራዊታችን ፔንግዊን ጠዋት ሞቶ ተገኘ። የሞተ እንስሳ ምን እንደገደለው የምመረምረው እኔ ነኝ። ተንከባካቢው በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሲያመጣው መጀመሪያ የጠየቅኩት «ፍሪዘር አስገባችሁት እንዴ?» ብዬ ነው። በረዶ ሴሎችን ይበጣጥሳል፤ ማይክሮስኮፕ ስር ሲታይ ምኑም አይለይም። ደግነቱ ፍሪጅ ውስጥ ነበር ያቆየው።

ሆዱን ስከፍት ሳንቲም አገኘሁ። ጎብኚ የወረወረው መሆን አለበት። ጠርዙን አሲድ በልቶታል። ዚንክ ያለበት ሳንቲም ወፍ እንደሚመርዝ አውቃለሁ፤ በቃ፣ ተገኘ አልኩ። እንደ ልማዴ ከየአካሉ ቁራጭ ወስጄ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ከተትኩ። ለመርዝ ምርመራ የሚሆን ጉበትም ፍሪዘር ውስጥ አኖርኩ (ለእሱ ፍሪዘር ነው የሚሻለው)። ተንከባካቢው «ዶክተር፣ ሁለት ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ሲቆም ነበር፤ ትንፋሽም ያጥረው ነበር» ሲለኝ በቅጡ እንኳ አልሰማሁትም።

በዘጠነኛው ቀን ሌላ ሞተ። ሆዱ ባዶ ነው።

ጣፊያው አብጦ ጠቁሯል። ሳንባው ውሃ እንደጠጣ ስፖንጅ ከብዷል። ጣፊያውን ቆርጬ እንደ ማኅተም ስላይድ ላይ መታሁትና በጊምሳ ቀለም ቀባሁት። ወባ! ሰውን የማይዝ፣ በትንኝ የሚተላለፍ የወፍ ወባ። ድንቢጥ ተሸክሞት ይኖራል፤ ፔንግዊንን ግን ይፈጀዋል። ፎርማሊን ውስጥ የነበረውን የመጀመሪያውን ሳንባ አስቆርጬ ሳይ እዚያም አለ። የጉበቱ ዚንክ ተለካ፤ ጤነኛ መጠን ነው። ሳንቲሙ እንዲሁ ተውጦ የተቀመጠ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ኒው ዮርክ ውስጥ ሰዎች በአንጎል ብግነት ሲታመሙ የሴንት ሉዊስ ኢንሰፋላይቲስ ነው ተብሎ ነበር። የብሮንክስ መካነ አራዊት ፓቶሎጂስት (እንደኔው የሞተ እንስሳ መርማሪ) የነበሩት ትሬሲ ማክናማራ ግን ቁራና ፍላሚንጎ ሲረግፍ አዩ። ያ በሽታ ወፍ አይገድልም። ሌላው የተጠረጠረው ቫይረስ ደግሞ ኢሙን (ሰጎን መሰሉን ትልቅ ወፍ) አይምርም፤ ኢሙዎቹ ግን ደህና ናቸው። መጨረሻው ዌስት ናይል ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። እኔን የሚገርመኝ በዚያ ሁሉ ሬሳ መሃል ደህና የቆሙትን ማየታቸው ነው። ታሪኩን ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሳንቲም ሳይ ግን ትዝ አላለኝም።

ለቀሩት ፔንግዊኖች የወባ መድኃኒት ተጀመረ፣ መረብ ተዘረጋ፣ የቆመ ውሃ ተደፋ። አሁን ቢላ ከማንሳቴ በፊት ተንከባካቢውን አስቀምጬ እጠይቃለሁ፤ የሚለውንም እጽፋለሁ።

የመጀመሪያውን ሪፖርት አርሜ ስሰጠው ስላይዱን ልየው አለኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

«ይቺ ነጠብጣብ ናት?» አለ።