ዱዋል ሬክቲፋየር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? የወሰንኩበት መንገድ

ሜሳ ቡጊ ዱዋል ሬክቲፋየር የሚባለውን የኤሌክትሪክ ጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ለዓመታት ስመኘው ቆይቻለሁ። የተመኘሁት ግን በቅጂ የሰማሁትን ድምፅ ነው፤ በቅጂ የሚሰማው ደግሞ የአምፑ ብቻ አይደለም። ካቢኔቱ (የስፒከሩ ሣጥን)፣ ስፒከሩ፣ ማይኩ የቆመበት ቦታ፣ ከአምፑ ፊት የተሰካው ፔዳል፣ ጎን ለጎን የተቀዱት ሁለት ሦስት ጊታሮች ሁሉ አሉበት። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የሠራሁት ሥራ አንድ ነው፦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የአምፑ ድርሻ የትኛው እንደሆነ መለየትና እሱም እኔ በምጫወትበት የድምፅ መጠን ላይ ይሰማ እንደሆነ ማረጋገጥ።

በመጀመሪያ ስለ ዋት። ይህ አምፕ 100 ዋት ነው፤ ስፒከሩን የሚገፉ አራት 6ኤል6 የኃይል ቲዩቦች (የመስታወት ማጉያ ቧንቧዎች)፣ የጊታሩን ድምፅ መጀመሪያ የሚያጎሉ አምስት 12ኤኤክስ7 የፕሪአምፕ ቲዩቦችና የመብራቱን ተለዋዋጭ ጅረት ወደ ቀጥተኛ የሚቀይሩ ሁለት 5ዩ4 ሬክቲፋየር ቲዩቦች አሉት። ብዙ ሰው «100 ዋት ካልተከፈተ አይዘፍንም» ይላል። ማስተር ቮልዩም (የመጨረሻውን ድምፅ መጠን ብቻ የሚቆጣጠር ኖብ) ለሌላቸው የድሮ አምፖች ልክ ነው፤ እነሱ ዲስቶርሽን (የሮክ ጊታር ሻካራ ድምፅ) የሚሰጡት የኃይል ቲዩቦቻቸው ሲጨናነቁ ነው። ባለ ከፍተኛ ጌይን (የፕሪአምፕ ማጉላት) አምፕ ግን ዲስቶርሽኑን የሚሠራው ፕሪአምፑ ውስጥ፣ ቲዩብ ቲዩብን እየገፋ ስለሆነ ማስተሩ ዝቅ ቢልም ዲስቶርሽኑ አይጠፋም።

ባለ 50 ዋቱን መግዛትም ጎረቤትን አያድንም። በ100 እና በ50 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ ድምፁ በእጥፍ የጨመረ እንዲመስል ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ሴለስቲየን ቪንቴጅ 30 ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል ይሰጣል። ቤት ውስጥ 80 ዴሲቤል ላይ ለመጫወት የሚበቃው እንግዲህ የዋት አንድ መቶኛ ነው። በዚህ ደረጃ 50 ሆነ 100 ለውጥ የለውም፤ ለውጥ ያለው ማስተሩ ዝቅ ሲል ምን ያህል ይታዘዛል የሚለው ላይ ነው።

ሙከራውን ያደረግኩት ሱቅ በሚቀርበው ዕቃ ሳይሆን በራሴ ጊታር፣ በራሴ ገመድና በራሴ ባለ ሁለት 12 ኢንች ካቢኔት ነው። ካቢኔት ከተቀየረ ምን እንደሰማህ አታውቅም፤ ስፒከር ከአምፕ በላይ ድምፅ ይቀይራል። ለማወዳደር ከቤት የያዝኩትን ዲጂታል ሞዴለር (የአምፖችን ድምፅ የሚያስመስል መሣሪያ) ድምፅ በማይቀይር የኃይል አምፕ በኩል ከዚያው ካቢኔት ጋር አገናኘሁ። በስፒከሩ ስለምሰማ የሞዴለሩን የካቢኔት ማስመሰያ አጠፋሁት። ከዚያ የተቀዳውን እየደጋገመ የሚያጫውት ሉፐር ፔዳል ከሁሉም በፊት አስቀምጬ አንድ አጭር የዜማ ሐረግ በንጹህ ጊታር ቀዳሁ። ሉፐሩ ያንኑ አመታት ለሁለቱም ስለሚልክ ልዩነቱ ከእጅ ሳይሆን ከመሣሪያው ይመጣል።

ቀጥሎ ያለው ቸል የሚባል ነው፦ የሁለቱን ድምፅ መጠን እኩል ማድረግ። ጆሮ ትንሽ ጮክ ያለውን «የተሻለ» ይለዋል፤ በ2 ዴሲቤል የበለጠው አምፕ ሁልጊዜ ያሸንፋል። የስልክ ዴሲቤል መለኪያ ይበቃል። ከስፒከሩ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ አንድ ቦታ ላይ ማቆም፣ የሚቻል ከሆነ «ሲ» የሚባለውን ሚዛን መምረጥ፤ «ኤ» የተባለው ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ ስለሚቆጥር ለእንዲህ ያለው አምፕ አይሆንም። ልዩነቱ ከ1 ዴሲቤል በታች እስኪሆን ማስተሩን ማስተካከል ነው።

ውጤቱ የምኞቴን ግማሽ አፈረሰው። 75 እስከ 80 ዴሲቤል ላይ ልዩነቱ አለ፣ ግን ገንዘቡን የሚያወጣ አይደለም። 95ን ሲያልፍ ነገሩ ይለወጣል፦ ወፍራሙ ክር በእጅ መዳፍ ሲታፈን ስፒከሩ ደረትን ይገፋል፣ ፒኩ ክሩን የነካበት ቅጽበት ከዲስቶርሽኑ በላይ ይወጣል። ይህ የሚያስገርም አይደለም። ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ወፍራሙንና ቀጭኑን አሳንሶ ይሰማል፤ ስፒከሩም ሲገፋ ነው የሚነቃው። ስለዚህ ጥያቄው «አምፑ ጥሩ ነው ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «በወር ስንት ሰዓት 95 ዴሲቤል ላይ እጫወታለሁ?» ሆነ። ከባንድ ጋር በመደበኛነት ለሚለማመድ ሰው መልሱ ግዛ ነው። በመኝታ ክፍል ብቻ ለሚጫወት ሰው እኔ አትግዛ ነው የምለው፣ ምኞቱ የቱንም ያህል ቢያረጅ።

ማስተሩን በተመለከተ፣ በዚህ አምፕ ባለ ሦስት ቻናል (ሦስት የተለያዩ የድምፅ መንገዶች ያሉት) ዓይነት ላይ የቻናሉ ማስተር ብቻውን ሲሠራ በታችኛው ጫፍ ፀጉር ታህል ንክኪ ከዝምታ ወደ ጩኸት ይወስዳል። መፍትሔው የኢፌክት ሉፑን (በፕሪአምፑና በኃይል አምፑ መካከል ኢፌክት የሚገባበትን መንገድ) ማብራት ነው፤ ሉፑ ካልበራ የሁሉንም ቻናሎች ድምፅ የሚቆጣጠረው የአውትፑት ኖብ አይሠራም። ሉፑ ሲበራ የቻናሉን ማስተር ግማሽ አካባቢ አድርጎ የክፍሉን ድምፅ በአውትፑቱ መቆጣጠር ይቻላል። ይህን ሳይሞክሩ «ቤት ውስጥ አይሆንም» ብለው አምፑን ለሻጩ የሚመልሱት ብዙ ናቸው።

«ጭቃ ነው» የሚለው ስሞታም ከኖብ አያያዝ የሚመጣ ነው። የቤዝ ኖቡ የሚገኘው ከዲስቶርሽኑ በኋላ ስለሆነ እሱን መቀነስ ወደ ጌይኑ የገባውን ወፍራም ድምፅ አያጠራም፤ መቆረጥ ያለበት ከመግባቱ በፊት ነው። ጌይኑ ሲጨምር ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ከወፍራሙ አንጻር ያንሳል። እኔ የጀመርኩት እንዲህ ነው፦ ሞደርን የሚባለው የቻናሉ ድምፅ ምርጫ፣ ጌይን ግማሽ፣ ቤዝ አንድ ሦስተኛ፣ ሚድ ግማሽ፣ ትሬብል ግማሽ፣ ፕረዘንስ (የድምፁን ስለት የሚቆጣጠረው) አንድ አራተኛ። ሞደርን ላይ የኃይል አምፑ ኔጌቲቭ ፊድባክ (ድምፁን የሚገራው መልሶ መመገብ) ስለሚወገድ ድምፁ በድንገት ይጨምራል፣ ጫፉም ይሳላል፤ ፕረዘንሱን ዝቅ ማድረጌ ለዚህ ነው። ከፊት ቲዩብ ስክሪመር ዓይነት የዲስቶርሽን ፔዳል፣ ድራይቩ ዜሮ፣ ሌቭሉ ሙሉ፣ ቶኑ መሃል። ይህ ፔዳል ከ720 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ስለሚያቀልል የታፈነው ክር ወዲያው ይጠብቃል።

ያገለገለ ሲገዛ ምርመራው ከድምፁ ይቀድማል። መጀመሪያ ጀርባውን አይቶ ለስንት ቮልት እንደተሠራ ማረጋገጥ። የ120 ቮልቱን 230 ላይ መሰካት በቅጽበት ያበላሸዋል፤ ማውረጃ ትራንስፎርመር የሚያስፈልገው ከሆነም አቅሙ ከ500 ቪኤ (ቮልት-አምፒር) በታች ባይሆን ይመረጣል፣ ክብደቱም ከአምፑ ጋር አብሮ ይታሰብ። ከዚያ ስፒከሩ መሰካቱን ሳያዩ አለማብራት። ቲዩብ አምፕ ያለ ጭነት፣ ማለትም ያለ ስፒከር፣ ሲመታ በአውትፑት ትራንስፎርመሩ ላይ የሚነሳው ቮልቴጅ ሽፋኑን ይበሳል፣ የቲዩብ ሶኬቱንም ያቃጥላል። ሻጩን «ያለ ስፒከር በርቶ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ መልሱን ባያምኑ እንኳ ሶኬቶቹ ላይ ጥቁር የቃጠሎ ምልክት መፈለግ ይቻላል።

ክፍሉን አጨልሞ የኃይል ቲዩቦቹን ከኋላ ማየት ብዙ ይናገራል። በመስታወቱ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ብርሃን ጉዳት የለውም። ውስጥ ያለው ግራጫ ብረት ሲቀላ ግን ወዲያው ማጥፋት ነው፤ ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ጅረት እያሳለፈ ነው። ከኋላ ያለው የባያስ (በቲዩቦቹ ውስጥ ያለ ድምፅ የሚፈሰውን ጅረት የሚወስነው) ማብሪያም ይታይ፦ የተሰኩት 6ኤል6 ሆነው ማብሪያው ኢኤል34 በሚባለው ሌላ የቲዩብ ዓይነት ላይ ከተተወ ቲዩቦቹ ከመጠን በላይ ይግላሉ።

ሁሉም ኖብ ዜሮ ላይ ሆኖ ወፍራም እምምም የሚል ድምፅ ካለ የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ እያጠራቀሙ የሚያለሰልሱት) አርጅተዋል ወይም የኃይል ቲዩቦቹ አልተጣጣሙም። በ50 ኸርዝ መብራት ካፓሲተሩ የሚሰጠው ድምፅ 100 ኸርዝ ላይ ነው። የፕሪአምፕ ቲዩቦቹን በእርሳስ ጀርባ ቀስ ብሎ መንካት፤ ደወል ያህል የሚያስተጋባው፣ በተለይ የመጀመሪያው ከሆነ፣ ይቀየራል። ድምፁ አልፎ አልፎ የሚጠፋ ከሆነ ከኢፌክት ሉፑ መውጫ (ሴንድ) ወደ መግቢያው (ሪተርን) አጭር ገመድ ሰክቶ ማየት፤ ከተስተካከለ ጥፋቱ ዝገት የያዘው ጃክ ነው፣ ቀላል ጥገና። እነዚህን ሁሉ አምፑ ግማሽ ሰዓት ከጋለ በኋላ መድገም ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ብልሽት ሲሞቅ ብቻ ነው የሚታየው። ሣጥኑን መክፈት ግን ለባለሙያ ነው። ከ400 ቮልት በላይ የሚይዙት ካፓሲተሮች መሰኪያው ከተነቀለ በኋላም ይገድላሉ።

በዚህ አምፕ ባያሱ በኖብ አይስተካከልም፣ በቲዩብ ምርጫ ነው። ኩባንያው ለራሱ አምፕ ለክቶ የሚሸጣቸው ባለ ቀለም ምልክት ቲዩቦች ለዚያ ነው ያሉት። ሌላ የሚሰካ ሰው ማስለካት አለበት። 6ኤል6ጂሲ የሚሸከመው 30 ዋት ነው፤ የዚህ 70 ከመቶ 21 ዋት ሲሆን፣ በ450 ቮልት ሲካፈል 47 ሚሊአምፒር ገደማ ይመጣል። ይህ ለአንድ ቲዩብ የላይኛው ገደብ ነው፤ ፋብሪካው ከዚያ በእጅጉ ዝቅ ያደርገዋል፣ ለከፍተኛ ጌይንም ይስማማዋል።

የመጨረሻው ሂሳብ ላይ ሄዱን (ስፒከር የሌለውን የአምፕ ሣጥን) ብቻ አልደመርኩም። የተጣጣሙ አራት 6ኤል6፣ ሁለት መለዋወጫ 12ኤኤክስ7፣ ጀርባው ላይ በተጻፈው ልክ ፊውዝ፣ የጊታር ሳይሆን የስፒከር ገመድ፣ ሳይጫወቱ የሚሰማውን ጫጫታ የሚዘጋ ኖይዝ ጌት፣ በስፒከር ፋንታ የሚሰካ 100 ዋት የሚችል ሎድ ቦክስ። በእግር የሚቀያየርበት ፉትስዊች የራሱ ስለሆነ ከሌለ ዋጋው ይቀነስ። ባለ አራት ስፒከሩን ካቢኔት ሰረዝኩት፤ ባለ ሁለቱ 8 ኦም ካቢኔት በ8 ኦም ጃክ ለልምምድ በቂ ነው። ሁለተኛ 8 ኦም ካቢኔት ሲጨመር ሁለቱም በ4 ኦም ጃኮቹ ላይ ይሰካሉ።

ያገለገለ ሄድ ገዛሁ፣ ለልምምድ ቦታ። የሬክቲፋየሩን መምረጫ ሁልጊዜ ዳዮድ (ያለ ቲዩብ ጅረቱን የሚቀይረው) ላይ ነው የምተወው። የ5ዩ4 ቲዩቦቹ ልስላሴ የሚሰማው የኃይል ክፍሉ በደንብ ሲገፋ ነው፤ እኔ በምጫወትበት መጠን ደግሞ የታፈነው ክር ስለት ያለው ዳዮዱ ላይ ነው።