ባሕሩ የሚሸሽባት ደሴት፦ የዛንዚባር ጉዞ ማስታወሻ

ዛንዚባርን በፎቶ ያየ ሰው የሚያውቃት ባሕሯ ሞልቶ ነው፤ ነጭ አሸዋ፣ ያጋደለ የኮኮናት ዛፍ፣ ሰማያዊ ውኃ። በምሥራቁ ዳርቻ ፓጄ መንደር ያረፈ ግን ጠዋት በረንዳ ላይ ሲወጣ ባሕሩን ሊያጣው ይችላል። ውኃው ጥሎ ይሄድና ከሩቅ፣ ማዕበሉ ከኮራሉ ድንጋይ ጋር የሚላተምበት ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ይቀራል። ከጎናችን ያረፉ ጥንዶች "የከፈልንበት ባሕር የት ሄደ?" ብለው የእንግዳ መቀበያውን ልጅ ሲያፋጥጡት ሰማሁ። ልጁ ለምዶታል። "ከሰዓት በኋላ ይመጣል" አላቸው፣ ስለዘገየ አውቶቡስ እንደሚያወራ ሰው።

ሥራው የጨረቃ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ የውኃው ከፍታ ልዩነት 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ ጥልቀት ስለሌለው ውኃው ትንሽ ዝቅ ሲል ረጅም መሬት ባዶውን ይቀራል። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚፈልግ ሰው በሰሜን ጫፍ ወዳሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ቢሄድ ይሻለዋል፤ እዚያ ውኃው ብዙም አይርቅም። እኔ ግን ፓጄን ወደድኳት፤ የወደድኳትም ባሕሩ በሌለበት ሰዓት ነው።

ባሕሩ ሲሸሽ መንደሩ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። ልጆች በየኩሬው የቀረ ዓሣ ያሳድዳሉ፣ ሽማግሌዎች ቀጭን ብረት ይዘው ከድንጋይ ሥር ኦክቶፐስ ይፈልጋሉ። ሴቶቹ ባለ አበባ ካንጋቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ወደ እርሻቸው ይሄዳሉ። አዎ፣ እርሻ ነው፤ የባሕር አረም ያመርታሉ። አስጎብኚያችን የፕላስቲክ ጫማ አስደረገንና ተከተልናቸው። ያለ ጫማ የሚሞከር አይደለም፤ ከውኃው ሥር ጥቁር ረጃጅም እሾህ ያላቸው ፍጥረቶች ተደርድረው ነው የሚጠብቁት።

እርሻው ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለት ሁለት እንጨት አሸዋው ውስጥ ይተከላል፣ በመካከላቸው ገመድ ይወጠራል፣ ገመዱ ላይ ደግሞ የአረሙ ቁራጭ በየጣቱ ርቀት በክር ይታሰራል። አንዲት በዕድሜ የገፉ ማማ ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው ክሩን ያስራሉ፤ ጣቶቻቸው ሳያዩ ነው የሚሠሩት። እኔም ልሞክር አልኩና ሰጡኝ። ያሰርኩት ወዲያው ሾልኮ ወደቀ፤ ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ሳቁብኝ። ለመሰብሰብ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብዬ በአስጎብኚው በኩል ጠየቅኳቸው።

"ስድስት ሳምንት፤ ውኃው ካልሞቀ" አሉ።

"ዋጋውስ፣ ማማ?"

"እሱን ገዢው ነው የሚያውቀው።"

ይህ ሥራ ደሴቲቱ ላይ የተስፋፋው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ አብዛኞቹ ገበሬዎችም ሴቶች ናቸው። አረሙ ደርቆ ወደ ውጭ ይላክና የሚወጣው ንጥረ ነገር አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ለማወፈር ይውላል። ችግሩ ባሕሩ እየሞቀ መምጣቱ ነው። የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት ሙቀት ስለማይችል ጥልቅ ውኃ ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ ሴቶች ደግሞ ዋና አይችሉም። ከባሕር ጋር የኖረ ሕዝብ ዋና አይችልም መባሉን ለማመን ተቸግሬ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አስደሰተኝ። ለማግስቱ ስንቃጠር አስጎብኚው ለፈረንጆቹ "ሰባት ሰዓት" አላቸው፣ ለሾፌሩ ግን በስዋሂሊ "ሳ ሞጃ"፣ አንድ ሰዓት ማለት ነው። እነሱም እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት! የኛም አገር እንዲህ ነው ስለው አላመነኝም፤ የእጅ ሰዓቴን አይቶ ነው ያመነው። ከዚያ በኋላ ለኔ ቀጠሮ የሚሰጠኝ እንደ ሾፌሩ ነበር።

ወደ ደቡብ ኪዚምካዚ ወርደን ዶልፊን አየን። ባላየሁ። ሁለት ዶልፊን ብቅ ሲሉ ያለው ጀልባ ሁሉ ሞተሩን እያጓራ ይከባቸዋል፣ ሰዉም እላያቸው ላይ ይዘላል። እዚያው መንደር ያለው መስጊድ ግን የሚቆጭ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ የተቀረጸው የዐረብኛ ጽሑፍ የ1107 (እ.ኤ.አ.) ነው። የጆዛኒ ጫካ ቀያይ ጉሬዛዎችም ከዚህ ደሴት በቀር በተፈጥሮ የትም አይገኙም። መንገድ ዳር ተቀምጠው ቅጠላቸውን ያኝካሉ እንጂ ለቱሪስት ግድ የላቸውም።

የድሮዋን ከተማ፣ ስቶን ታውንን፣ ለመጨረሻ አቆየናት። መንገዶቿ ከመጥበባቸው የተነሳ ሁለት ሰው ከነሻንጣው አያሳልፉም፤ በሮቿ የተጠረበ እንጨትና የነሐስ ጉብጉብ ናቸው። ከአንድ አደባባይ ላይ ወንዶች ተቀምጠው በስኒ ቡና ይጠጣሉ፣ ከኦቾሎኒ ከረሜላ ጋር። ቀመስኩት። መራራ ነው፤ ሲቆላ አላሸተትኩትም፣ ስለዚህ ፍርዴን አልሰጥም።

የባሪያ ገበያው የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል። መሠዊያው ያለው ሰው ይገረፍበት የነበረው ዛፍ በነበረበት ላይ ነው ይላሉ። ከውጭ በጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ አምስት የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል። የደሴቲቱን ስም ያስጠራው ቅርንፉድ በማን ጉልበት እንደተለቀመ የሚገባው እዚህ ነው፤ የቅመም እርሻ ጉብኝቱ ላይ ቀረፋና እርድ ሲያሸትቱን ይህን ያነሳልን አልነበረም።

ገበያው በእንግሊዞች ግፊት በ1873 (እ.ኤ.አ.) ሲዘጋ ውሉን የፈረመው ሱልጣን ባርጋሽ ነው። እናቱ ከሐበሻ የመጣች ቁባት ነበረች። ይህን ሳውቅ ከጎኔ የነበረችውን እህቴን ክንዷን ያዝኳት። በእነዚያ ቤተ መንግሥቶች ውስጥ ከኛ አገር የሄዱ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ፤ አብዛኞቹን ስማቸውን የሚነግረን የለም። ባርጋሽ በ1883 (እ.ኤ.አ.) ያሠራው "የድንቆች ቤት" ባሕሩ ፊት ለፊት ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከፊሉ ተደርምሶ ሰው ሞቶበታል፤ እኛም ያየነው ከአጥር ውጭ ሆነን ነው።

ሲመሽ ከዚያው ፊት ለፊት ፎሮዳኒ መናፈሻ የምግብ ገበያ ይሆናል። ሸንኮራውን ከሎሚና ከዝንጅብል ጋር ጨምቀው ይሰጣሉ፤ እሱን ደጋግሙት። "የዛንዚባር ፒዛ" የሚሉት ግን ፒዛ አይደለም፣ ሥጋና እንቁላል ተጠቅልሎበት መጥበሻ ላይ የሚገለባበጥ ስስ ቂጣ ነው፤ ይጣፍጣል። የባሕር ምግቡን ከማስጠበስ በፊት ዋጋ ተስማሙ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም ከአዲስ አበባ ሳትይዙ እንዳትነሱ። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ደግሞ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት እዩ፤ ኢንተርኔት ላይ በየቀኑ ተጽፎ ይገኛል።