ፈረሱ ያው፣ ጋላቢው ሌላ
ፒየር ሎምባርት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረ ፈረንሳዊ የሕትመት ምስል ቀራጭ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ የጦር ልብስ የለበሰ ሰው በፈረስ ላይ ሆኖ የሚታይበት የመዳብ ቅርጽ ሕትመት ነው፤ ማለትም ምስሉ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ የታተመ። ጉዱ ያለው ሰውየው ላይ ነው። በአንዱ ቅጂ የእንግሊዝን ንጉሥ የጣለው ወገን መሪ ኦሊቨር ክሮምዌል ነው። በሌላው ራሱ የተጣለው ንጉሥ፣ ቻርልስ ቀዳማዊ። በሌላው ደግሞ የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ። ጭራሽ ጭንቅላት የሌለውም አለ!

ክሮምዌል እኮ በ1649 (እ.ኤ.አ.) የቻርልስን የሞት ፍርድ ከፈረሙት አንዱ ነው።

እውነት ሰሌዳው አንድ ነው ወይስ አስመስለው ቀርጸውት? ራሴ ማየት ፈለግሁ። የብሪቲሽ ሙዚየም ስብስብ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል። ምስሎቹን አውርጄ ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። ፊቱን ተውኩት። ቀራጩ ዳግም የሚነካበት ምክንያት የሌለውን ቦታ ነው የፈለግሁት፤ የፈረሱን ጋማ፣ የጥሩሩን (የብረት የጦር ልብሱን) ጥላ።

መሞከር ለምትፈልጉ፣ ሙሉውን ምስል በሌላው ላይ መደረብ አያዋጣም። ወረቀቱ የሚታተመው ረጥቦ ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ያውም እኩል አይደለም። ትንንሽ ቁራጭ እየወሰዳችሁ አስተያዩ። እኔ እንደዚያ ሳደርግ ጋማው መስመር በመስመር ገጠመ። የሰው እጅ ያን ሁሉ ጭረት ሁለት ጊዜ እንዲያ አይደግመውም።

ጭንቅላት መቀየር ደግሞ ያን ያህል አይከብድም። የድሮውን መስመር በስለት ይፍቁታል፣ ያለሰልሱታል፣ የጎደጎደውን ከጀርባ በመዶሻ መትተው ያቃኑታል። ከዚያ አዲስ ፊት ይቀረጻል። ብዙ ድካም የሚበላው ፈረሱና ጥሩሩ ነው፤ እሱን ማን ይጥላል?

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አቀማመጡ የተወሰደው አንቶኒ ቫን ዳይክ በ1633 ቻርልስን በፈረስ ላይ ከሳለበት ሥዕል ነው። ንጉሥን ያስወገደው ሰው ኃያል መስሎ ለመታየት የንጉሡ ፈረስ ላይ ወጣ ማለት ነው። ገዢ ምን ይመስላል ለሚለው ሌላ መልክ አልነበራቸውም፣ ወይም ሕትመቱን የሚሸምተው ሕዝብ ሌላ መልክ ቢያይ አይረዳውም ብለው ፈርተዋል። እኔ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሌላው ፈረንሳዊ ቀራጭ፣ ወደ ሮበር ናንተይ ዞሬያለሁ። እሱ ሉዊ 14ኛን ፊት ለፊት አስቀምጦ እየሳለ ነበር የሚቀርጸው። እዚያ ፈረስ የለም፤ ሁሉም ነገር ፊቱ ላይ ነው።