በር ላይ የተነገረው

የውሃ ተራችን ስለሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ነቅቻለሁ። ቱሉ ዲምቱ ዛሬ ብርዱ አጥንት ይገባል። ባልዲውን ደቅኜ ስልኬን ከፈትኩ።

አሜሪካ በሐኪምነት የሚሠራው የክፍል ጓደኛዬ ረጅም ድምፅ ልኮልኛል። አዲስ ውል ሊፈርም ነው። ደመወዙ በአርቪዩ ይሰላል። ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ በፈረንጆቹ 1992 የጀመረው የሥራ መለኪያ ነጥብ ነው፤ ለሐኪሙ ልፋት፣ ለክሊኒኩ ወጪና ለሙያ ኢንሹራንስ ተብሎ ይከፋፈላል። እሱ የሚከፈለው በልፋቱ ነጥብ ነው። ቀለል ያለ ተመላላሽ ታካሚ 1.3፣ ከበድ ያለው 1.92። ውሉ በዓመት 5,000 ነጥብ ይላል። ወረቀት ላይ አሰላሁት። ሁሉም ቀላል ቢሆኑ 3,846 ታካሚ ነው። 220 ቀን ቢሠራ በቀን 17 ወይም 18 ሰው።

ቀናሁ። እኔ ትናንት 46 ካርድ ጨርሻለሁ። የእኛ ክሊኒክ ሒሳብ አጭር ነው፤ ከካርዱ ፐርሰንት። ጉንፋንም የልብ ድካምም ያው አንድ ካርድ ነው። ሰው በሠራው ልክ ይከፈለው መባሉን አልጠላም። መንግሥት ቤት ሳለሁ የለፋውም ያልለፋውም እኩል ደመወዝ ይወስድ ነበር፤ እሱም ያናድዳል።

ግን እማማ ትዝ አሉኝ። ለጨጓራ ነው የመጡት። መድኃኒት ጻፍኩላቸው። በሩን ከያዙ በኋላ ዞር አሉ። «ዶክተርዬ፣ ልጄ ከሄደ ወዲህ እኮ እህል አልወርድልኝ ብሏል» አሉኝ። መልሼ አስቀመጥኳቸው። ግማሽ ሰዓት አወሩ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ አወሩ። ውጪ ወረፋው ተንጫጫ። ሁለቴ በር ተንኳኳ። ከዚያ ቀን ሥራዬ ሁሉ ሕክምና የምለው ያንን ግማሽ ሰዓት ነው፤ የጨጓራውን መድኃኒት አይደለም።

እዚያ አሜሪካ በፈረንጆቹ ከ2021 ወዲህ ሐኪሙ ያጠፋው ደቂቃም ይቆጠራል። 30 ደቂቃ ከሞላ 1.92 ነጥብ ነው። ማዳመጥ ዋጋ ተሰጠው ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አሰብኩት። በዚያው ግማሽ ሰዓት ሦስት ቀላል ታካሚ ቢያይ 3.9 ያገኛል። እሱም በር ላይ ዞር የሚሉ እናቶች ይመጡበታል። ያኔ ሰዓቱን ያያል?

«ልፈርም ወይ?» ይላል የድምፁ መጨረሻ። እስካሁን አልመለስኩለትም።

እማማን ለማክሰኞ ቀጥሬያቸዋለሁ። ማክሰኞ ወረፋው እስከ ግቢው በር ነው። ያን ቀን ደግመው ማውራት ቢጀምሩ፣ እስኪጨርሱ እሰማቸው ይሆን?