ካራሜል ቡና በደብረ ብርሃን ብርድ

ዛሬ የደብረ ብርሃን ብርድ አላስወጣ ሲለኝ ቤቴ ውስጥ ካራሜል ቡና ልሞክር አልኩ። ያ ኬክ ኬክ የሚለው ዓይነት። ሽሮፕ የለኝም፤ ግን ካራሜል ማለት ያው የቀላ ስኳር አይደል?

3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር በደረቅ መጥበሻ ጣድኩ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ቀለጠ፣ ከዚያ የማር መልክ ያዘ። ስልኬን ቼክ ላድርግ ብዬ ዞር ስል ጠቆረ። ቀመስኩት፣ ሬት! ደፋሁት። (መጥበሻውን ማጠቡ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።)

በሁለተኛው ዓይኔን አልነቀልኩም። ልክ ቀላ ሲል ትንሽ ለጋ ቅቤና ትኩስ ወተት ጨመርኩበት። ቀዝቃዛ ወተት ካደረጋችሁ ስኳሩ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ትኩሱም ቢሆን ይንጨረጨራልና ፊታችሁን አርቁ። ቆንጠር አድርጌ ጨው ጣል አደረግኩና ከጀበናው ወፍራሙን አቦል ቀዳሁበት። እውነቴን ነው፣ ጣቴን አስላሰኝ።

እማዬ አንዴ ፉት አለችና "ታዲያ ምኑ ነው አዲሱ? እኛ ቡና በጨውና በቅቤ ስንጠጣ አልኖርንም እንዴ?" አለችኝ። ስኳሩ ግን አልተስማማትም። ስኒውን መለሰችልኝና ቶናውን በጤና አዳም አስቀዳች።

የሷንም እኔው ጨረስኩት።