"ወራጅ አለ"፦ ሰውን ከመፍራት በጥቂት በጥቂቱ ስለመፈታት ምስክርነት

የጌታ ስም ይባረክ። ሰውን የመፍራት እስራት በጸሎት እንደሚፈታ እንመሰክራለን። ችግሩ፣ ምስክርነቱ መድረክ ላይ ሲነገር "ተጸለየልኝ፣ ተፈታሁ" ብሎ ማለቁ ነው። መሃሉ ይዘለላል። እኛ በምክርና በጸሎት ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ጎን የምንቆም ስለሆንን ስለዚያ ስለተዘለለው መሃል እንጽፋለን፤ የራሳችንን ታሪክ ለሌላ ቀን እንተወው።

ይህ ፍርሃት እኛ አገር ጥሩ ስም ስላለው ተደብቆ ያድጋል። "አንገቱን የደፋ ነው"፣ "ዓይን አፋር ናት፣ እሰይ የእናት ልጅ" ይባላል። ይሉኝታም አለ፤ ይሉኝታ ሰውን ከሰው ጋር ስለሚያኖር ይጥፋ አንልም። ልዩነቱ የሚታወቀው በሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት ከብዶት፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቆ፣ ሁለት ፌርማታ አልፎ በእግሩ የሚመለስ ሰው አለ። ለቅሶ ቤት በር ደርሶ የተቀመጠውን ሰው ብዛት አይቶ የሚመለስም አለ። ቡና ሲቀርብለት እጁ ሲንቀጠቀጥ እንዳይታይ "ቡና አቁሜያለሁ" የሚል፣ ኅብረት ላይ "ጸልይ" እንዳይባል ሆን ብሎ አርፍዶ የሚገባም አለ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ሰውን የመፍራት ችግር ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ በመመሪያው ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ስለሆነ፣ ሰውየው ጠባዩ እየመሰለው አብሮት ያረጃል።

እጅ ተጭኖ ይጸለያል፤ እሑድ ቀለል ይላል። ማክሰኞ ታክሲ ውስጥ ልቡ እንደ ድሮው መምታት ይጀምራል። ይሄኔ "አልተፈታሁም፣ እምነቴ ጎድሏል" ይላል፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥7ም "የፍርሃት መንፈስ አልተሰጠህም" ተብሎ እንደ ዱላ ይመዘዝበታል። የዚያው ጥቅስ ሌላው ወገን ራስን ስለመግዛት እንደሚናገር ግን የሚያነብለት የለም። ራስን መግዛት ደግሞ በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። ጌዴዎንን እንይ። የበኣልን መሠዊያ አፍርስ ሲባል የአባቱን ቤተ ሰብና የከተማውን ሰዎች ስለፈራ፣ አሥር ሎሌዎቹን ይዞ በሌሊት አደረገው። "ለምን በቀን አላደረግኸውም?" የሚል ተግሣጽ አልደረሰበትም። ወደ ምድያም ሰፈር በሚወርድበት ሌሊትም፣ ከፈራ ሎሌውን ፉራን ይዞ እንዲወርድ ተፈቀደለት። ሦስት መቶ ሰው ይዞ ቀንደ መለከት የነፋው ከዚያ በኋላ ነው። ዘፀአት 23፥30 ላይም ጠላት ከፊት የሚባረረው "በጥቂት በጥቂቱ" ነው ተብሏል፤ እኛ ስንጸልይ አንድ ሌሊት እንጠይቃለን እንጂ።

በሕክምናው በኩል ይህንኑ መንገድ ካሳዩት አንዱ ጆሴፍ ወልፒ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም ነው። በጆሃንስበርግ ከድመቶች ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ሣጥን ውስጥ በኤሌክትሪክ ንዝረት የደነገጡ ድመቶች ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ምግብ አይነኩም ነበር። ክፍሉን በጥቂቱ ብቻ ወደሚመስል ሌላ ክፍል ሲወሰዱ ግን በሉ። ቀጥሎ ይበልጥ በሚመስለው፣ ቀጥሎ በዚያው ክፍል፣ በመጨረሻም በራሱ በሣጥኑ ውስጥ በሉ። ለድመቶቹ ማሰብ ያሳዝናል፤ ትምህርቱ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።

ታዲያ ሥራው የሚጀምረው በወረቀት ነው። የሚፈሩትን ነገር ከ8 እስከ 12 አድርጎ መጻፍ፣ ለእያንዳንዱም ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ቁጥር መስጠት። ሱቅ ገብቶ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት 25 ሊሆን ይችላል። ለኅብረቱ የቴሌግራም ቡድን የ30 ሰከንድ የድምፅ መልእክት አንድ ጊዜ ብቻ ቀድቶ፣ መልሶ ሳይሰሙ መላክ 35። ጥቅስ ጮክ ብሎ ማንበብ 70፣ ማይክ ይዞ መመስከር 95። ቁጥሩ የሰውየው ነው፤ ለአንዱ 25 የሆነው ለሌላው 80 ስለሚሆን የሌላ ሰው መሰላል፣ ማለትም ከትንሹ ፍርሃት ወደ ትልቁ የተደረደረ ዝርዝር፣ መኮረጅ አይጠቅምም። መነሻው 30 አካባቢ ያለው ነው። ከዚያ በታች ከሆነ የሚማሩበት ነገር የለም፤ በ80 ከጀመሩ ደግሞ አብዛኛው ሰው መሃል ላይ ይሸሻል። ሲሸሽ የሚሰማው እፎይታ ደግሞ "የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው" የሚለውን ትምህርት ያጸናበታል። አንዱን ደረጃ በሳምንት አራት አምስት ጊዜ ደጋግሞ፣ ቁጥሩ በግማሽ ሲወርድ ወደሚቀጥለው መውጣት ነው።

የታክሲውን መሰላል ዘርዘር አድርገን እንየው፤ ርካሽ ነው፣ በየቀኑ አለ፣ ለልምምድ ከእሱ የተሻለ አናውቅም። መጀመሪያ ጋቢና ተቀምጦ ለሾፌሩ በዝግታ "እዚህ ጋ አውርደኝ" ማለት። ቀጥሎ በሩ አጠገብ፣ ለረዳቱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ መሃል ወንበር። ከዚያ የኋላው ወንበር ጥግ ላይ ሆኖ፣ ሙዚቃው ተከፍቶ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ "ወራጅ አለ!" ረዳቱ ካልሰማ እሰየው፤ ሁለተኛው ጩኸት ከመጀመሪያው የበለጠ ያስተምራል። ከዚህ በላይ ሁለት ደረጃ አለ። አንዱ "መልስ አልሰጠኸኝም" ብሎ ሰው እየሰማ መጠየቅ ነው። ሌላው "ወራጅ" ብሎ ካስቆሙ በኋላ "ይቅርታ፣ ቀጣዩ ላይ ነው" ማለት ነው። ረዳቱ ይነጫነጭ ይሆናል። መነጫነጩ ራሱ መድኃኒቱ ነው፤ ሰውየው ለዓመታት የሸሸው ቅጣት ሙሉ መጠኑ ይህቺው መሆኗን በዓይኑ ያያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንድ ስብሰባ ውስጥ ሲቆዩ ፍርሃቱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጣሪያ ይነካል፣ ካልሸሹት ቀስ እያለ ይበርዳል። ታክሲው ግን የአምስት ሰከንድ ነገር ስለሆነ ለመብረድ ጊዜ የለውም፤ ሰውየው ልቡ እየመታ ወርዶ "አልሠራም" ይላል። ስለዚህ አጫጭር ነገሮች መደራረብ አለባቸው፤ በአንድ ከሰዓት አጭር መንገድ በሦስት ታክሲ መሄድ፣ ሦስት ጊዜ መጥራት። በሳምንት አንዴ ከሆነ በየሳምንቱ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ሌላው ስውር እንቅፋት መከለያ ነው። ስልክ ላይ ማቀርቀር፣ ጆሮ ማዳመጫ፣ ነጠላን እስከ አፍ መሳብ፣ የሚናገሩትን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ በልብ መለማመድ፣ የምትናገርለትን እህት ይዞ መሄድ። በእነዚህ ተከልሎ የገባ ሰው ምንም ሳይደርስበት ቢወጣም ምስጋናውን ለመከለያው ይሰጣል። በጥንቃቄ የምንናገረው ነገር ደግሞ ይኸውና፦ ጸሎትም መከለያ ሊሆን ይችላል። ፊቱ ያለው ሰው እያናገረው በልቡ "ጌታ ሆይ አድነኝ፣ ጌታ ሆይ አድነኝ" እያለ የሚደጋግም ሰው የተነገረውን አይሰማም፤ መልሱ ይዛነፋል፣ ፍርሃቱም ይብሳል። እኛ የምንመክረው ከበሩ ውጭ በአጭሩ ጸልዮ መግባት ነው፤ ከገቡ በኋላ ጆሮንም ዓይንንም ለሰዉ መስጠት። የልመናው ቃልም ቢቀየር መልካም ነው፤ "ፍርሃቱን አጥፋልኝ" ከሚለው ይልቅ "እየፈራሁም አቁመኝ"። የመጀመሪያው ልመና ልብን በየደቂቃው "ጠፋ? አልጠፋም?" እያለ ያስፈትሻል፤ የሚፈተሽ ልብ ደግሞ ይበልጥ ይመታል። ከወጡ በኋላ በሰዎቹ ላይ ያዩትን ሦስት ነገር መናገር ከቻሉ፣ የማን ሹራብ ምን ዓይነት እንደነበር እንኳ ቢሆን፣ ትኩረታቸው ውጭ ነበር ማለት ነው።

የእጅ መንቀጥቀጥ ለብቻው ይነሣ። ሲኒው ማስቀመጫው ላይ ሲንኳኳ ቤቱ ሁሉ የሰማው ይመስላል። ሰውየው እንዳይንኳኳ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ጡንቻ ሲወጠር ደግሞ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። ልምምዱ ቤት ውስጥ ሲኒን እስከ ግማሽ ውኃ ሞልቶ፣ በማስቀመጫው ላይ ላላ አድርጎ ይዞ፣ ከጓዳ እስከ ሳሎን አሥር ጊዜ መመላለስ ነው። ቀጥሎ እስከ አፉ ሞልቶ። ቀጥሎ ሆን ብሎ ትንሽ ማፍሰስ። ቀጥሎ ጎረቤት ሄዶ የቀረበውን ቡና መቀበል፣ ቢንኳኳም ወዲያው አለማስቀመጥ። መጨረሻው ለእንግዶች ዞሮ ማደል ነው፤ በዚያን ጊዜ ሰዉ የሚያየው የስኳሩን መጠን እንደሆነ ይገባዋል።

ለአገልጋዮችም አንድ ቃል አለን። ያልተዘጋጀን ሰው "ዛሬ ጌታ ሊፈታህ ነው" ብሎ ማይክ ማስጨበጥ ጉዳት ነው። ሁለት ቃል ተናግሮ ይወጣል፣ ለወራትም አይመለስም። ቀኑ አስቀድሞ ይነገረው፣ ርዝመቱ 90 ሰከንድ ይሁን፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ወረቀት በእጅ ከተያዘ ይንቀጠቀጣል፣ ማይክ አጠገብ ደግሞ ይንኮሻኮሻል፤ ምስባኩ ላይ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ይከብዳል፤ ድምፁ ቢሰነጠቅ ሳይፈጥን ይቀጥል፣ ውኃ ለማቀበል የሚሮጥም አይኑር።

ማታ ሌላ ጦርነት አለ። አልጋ ላይ ሆኖ የቀኑን ንግግር ማገላበጥ፣ "እንዲያ ማለት አልነበረብኝም" ማለት። ይህን በጽሑፍ እንዘጋዋለን፤ ከመሄድ በፊት "ምን ይደርስብኛል?" የሚለው ይጻፋል፣ ሲመለሱ የደረሰው ከጎኑ ይጻፋል፣ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ደብተሩ ይዘጋል። ከወር በኋላ ሁለቱን ዓምዶች ማንበብ ለምስጋና ጸሎት ከበቂ በላይ ነው።

ትምህርት ወይም ሥራ እስከ ማቆም የደረሰ፣ ተስፋ የቆረጠ፣ ሞትን የሚያስብ ሰው ደግሞ ከጸሎቱ ጋር ወደ አእምሮ ሐኪም ይወሰድ፤ ለነገ አይባልም። ለዚህ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ለመሥራት ሳምንታት ስለሚወስዱ በአሥረኛው ቀን "አልረዳኝም" ብሎ መጣል አይገባም፤ "ተፈውሻለሁ" ብሎ በድንገት ማቆምም እንዲሁ ይጎዳል። ለእጅ መንቀጥቀጥ የሚታዘዘውን ፕሮፕራኖሎል ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ ለአስም ሕመምተኛ አደገኛ ነው። በመጠጥ ወይም በጫት የተገኘ ድፍረት ደግሞ በማግስቱ ፍርሃቱን አብሶ ይመልሰዋል።

ከተፈቱም በኋላ ፍርሃቱ የሚመለስባቸው ጊዜያት አሉ፤ ከረጅም ሕመም፣ ከሐዘን፣ ወይም ሁለት ወር ቤት ከመዋል በኋላ። ያን ጊዜ እጅ ለማስጫን ከመሰለፍ በፊት ደብተሩ ይውጣ። ከመጨረሻው ደረጃ ሁለት ሦስት ወርዶ መጀመር ነው፤ በፊት አንድ ወር የፈጀው ብዙ ጊዜ በቀናት ያልቃል። ማይክ የጨበጠ ሰው ነገ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የኋላው ወንበር ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ፌርማታው ሲቃረብም ጮክ ብሎ ይጣራል።